የመረብ ፍርፋሪ

ሐይቁ ዳር መረቡ የተቀደደበት ጀልበኛ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ለሌላው ሁሉ "እትዬ ቋጠሮ" ነች።

ስሙ የወጣላት በአቋጣጠሯ ነው። ሌላ መረብ ጠጋኝ ክሩን አንዴ አዙሮ ያጠብቅና ያልፋል። እሷ ሁለቴ ታዞረዋለች፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ኋላ መልሳ በራሱ ሥር ታሾልከዋለች። እናቷ እንዲህ አድርጋ አስተማረቻት፤ ሌላ መንገድ መኖሩን ያወቀችው ካደገች በኋላ ነው። ቋጠሮው ከተራው ወፈር ስለሚል ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ በአውራ ጣቱ ዳብሶ "ይሄ የእሷ ነው" ይላል። ጀልበኞቹ፣ "መረቡ ያልቃል እንጂ ቋጠሮዋ አይፈታም" እያሉ ያመሰግኗታል። ነገረኛ መቼም አይጠፋም፤ "አፏም እንደዚያው ነው፣ አንዴ ከያዘች አትለቅም" የሚልም አለ። እሷ ሁለቱንም እንደ ምስጋና ትቀበላለች።

የምትሠራው ከቤቷ ደጃፍ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው። አግዳሚው እንጨት ላይ ትልቅ ሚስማር ተመቷል፤ የመረቡ አንድ ጫፍ ከዚያ ይንጠለጠላል፣ ሌላው ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት ላይ ይጠመጠማል። እሷ አጭር በርጩማ ላይ ናት። በቀኟ የክር ጥቅል፣ በግራዋ ድሮ የዘይት ማስቀመጫ የነበረች ጣሳ። ፊት ለፊቷ አሮጌ የዓሣ ሣጥን አለ፤ ጨርቅ ተነጥፎበት የልጅ ልጇ ትቀመጥበታለች። ሕፃኗን "ሚጢጢ" ይሏታል። ገና መቆም እየተለማመደች ነው፤ ከሣጥኑ እንዳትወድቅ ወገቧ የሚታሰርበት ሻሽ የእናቷ ነበር።

እናቲቱ ለሕክምና ከተማ ሆስፒታል ሄዳ አልተመለሰችም። ስለዚያ በቤቱ ውስጥ ብዙ አይወራም። የሕፃኗ አባት የጎኑን ክፍል ይዞ እዚያው ቀርቷል። ማለዳ ጀልባውን ይዞ ይወጣል። ሲመለስ እጁን ታጥቦ ልጁን ያቅፋል፤ ካቀፋት በኋላ ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ መልሶ ለአያቷ ያቀብላል።

"ቆይ ትንሽ ያዛት እንጂ፣ አትነክስህ!" ትለዋለች አማቱ።

"ነክሳኛለች'ኮ፣ እማማ።"

"እንግዲያው ጥርስ አውጥታለች ማለት ነው፤ እሰየው በል።"

መረብ ሲመጣላት መጀመሪያ ታጸዳዋለች። ሸምበቆውን፣ ጭቃውን፣ የተበጣጠሰውን ክር ታወጣለች። በመረቡ ዓይን ውስጥ ተሰክተው የቀሩ፣ ጣት የማይሞሉ ዓሦች ደግሞ ሁልጊዜ አይጠፉም። ዓሣ ገዝቶ ወደ ከተማ ለሚጭነው የበረዶ መኪና አይሆኑም፤ ባለመረቡም ዞር ብሎ አያያቸውም። እነሱን እየነቀለች ጣሳዋ ውስጥ ትጥላለች። ሰዉ "የመረብ ፍርፋሪ" ይለዋል። ፍርፋሪ ደግሞ ፍርፋሪ ነው፤ ማንም ሰጠሁ አይልም፣ እሷም ተቀበልኩ አትልም። ሲመሽ ከነአጥንቱ ትቀቅለውና እስኪልም ወቅጣ የሚጢጢ ገንፎ ላይ ትነሰንሰዋለች። "ለጣዕም ያህል" ነው የምትለው።

ወጣት ሳለች የመረብ ዓይን የሚለካው በሦስት ጣት ነበር፤ ሦስት ጣት ተገጣጥሞ የሚገባበት ዓይን። ከዚያ "እስቲ ትንሽ ጠበብ አድርጊልኝ" የሚል መጣ። ትልልቁ ዓሣ እየጠፋ ሲሄድ ሦስቱ ጣት ሁለት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ አንዱ በአንድ ጣት አሠርቶ ወሰደ። ሌላው ጭራሽ የአልጋ አጎበር ሰፍቶ ይዞ ከች አለ።

"ይሄን የምጠግንልህ ለአልጋህ ነው ለሐይቁ?" አለችው።

"ለሐይቁ ነዋ፣ እትዬ።"

"ጥሩ። ዓሣው ሲያልቅ ትንኝ ታጠምድበታለህ።"

ቀልዱ ቀልድ ነው። ሌት ተኝታ ግን የሐይቁ ነገር አሳሰባት። ዓሣ ማደጊያ ጊዜ ካላገኘ ሚጢጢ ስታድግ ምን ልትበላ ነው?

የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር በተሰበሰበ ቀን የሄደችው ለስብሰባ አልነበረም፤ የጠገነችውን መረብ ልታደርስ ነው። ስብሰባው የሚካሄደው ዓሣ በሚራገፍበት ሼድ ውስጥ ነው። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ሴቶች ጥግ ይዘው ዓሣ ያርዳሉ፣ ወንዶች በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ሊቀመንበሩን "ካፒቴን" ይሉታል። ትከሻው ሰፊ የሆነ ሽማግሌ ነው፤ ከሐይቁ ማዶ አልፎ ባያውቅም አነጋገሩ ውቅያኖስ አቋርጦ እንደመጣ ሰው ነው። የዕለቱ ጉዳይ ጉያ ነበር። ጉያ የሚሉት ሐይቁ ወደ ውስጥ የታጠፈበትን፣ ሸምበቆ የከበበውን ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። ግማሹ "ዓሣው እስኪራባ እንዝጋው" ይላል። ግማሹ "ዘግተን ልንጾም ነው?" ይላል።

እትዬ ቋጠሮ መረቡን አስረክባ ልትወጣ ስትል አላስችል አላት። ከከረጢቷ ሁለት ቁራጭ መረብ አወጣች።

"ይሄ እናቴ የሠራችው ነው" አለች፣ በሦስት ጣት የተለካውን ዘርግታ። "ያደግኩት በዚህ ነው። ይሄ ደግሞ በቀደም ያሠራችሁኝ። በዚህ የሚያልፈው ውሃ ብቻ ነው። ነገ ውሃውንም ይዛችሁ ልታስቀሩት ነው?"

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁለቱ ቁራጭ መረቦች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ትልልቆቹ ጀልበኞች በጠባቡ ዓይን ውስጥ ትንሿን ጣታቸውን ለማስገባት ሞክረው አቃታቸው።

"አፍ ያለው ይመልስላት" አለ ካፒቴን። ከዚያ ድምፅ ይሰጥ ተባለ። እጅ ወጣ፤ ጉያ ተዘጋ። የመረብ ዓይንም ከሦስት ጣት እንዳይጠብ ተወሰነ፤ ጠባብ መረብ ያለው ሁሉ ለማኅበሩ መጋዘን እንዲያስረክብ፣ ሕጉን የጣሰ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ የሥራ መሣሪያውን እንዲያስቀምጥ ተባለ።

ሲበተኑ አንዱ ትከሻዋን ነካ አድርጎ፣ "እትዬ፣ ዛሬስ ሐይቁን ራሱን ቋጠርሽው!" አላት። ሳቅ እያለች ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሥራ በሥራ ሆነች። ሁሉም አዲስ መረብ ፈለገ፤ ሰፊ ዓይን ያለው ደግሞ ቶሎ ተሠርቶ ያልቃል። ወደ እሷ የሚመጣው መረብም ንጹሕ ሆነላት። ሸምበቆ የለ፣ የተሰካ ነገር የለ፤ አራግፋ ወዲያው መጠገን ነው። "ምነው ዱሮም እንዲህ በሆነ" ብላ ነበር፣ ጣሳዋን ገልብጣ ክር ማስቀመጫ ስታደርጋት።

ሚጢጢ የከሳችው በአንድ ጀንበር አይደለም። መጀመሪያ ሣጥኑን ይዛ መቆም ተወች። ቀጥሎ ገንፎ ሲቀርብላት ፊቷን ማዞር ጀመረች። እትዬ ቋጠሮ ማታ ማታ ሕፃኗን ስታስተኛ የማሰሪያዋን ሻሽ ፈትታ ክንዷን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መክበብ ልማዷ ነበር፤ የመረብ ዓይን የለመደ እጅ ሁሉን ነገር ይለካል። አንድ ማታ ሁለቱ ጣቶቿ ተገናኙ። ሕፃኗን ቀስ ብላ አስተኝታ ጣቶቿን ስታይ ቆየች።

ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ገና ወጣት ናት፣ ሕፃን አያያዝ ግን ታውቅበታለች። በሚጢጢ ክንድ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለበትን የምግብ እጥረት መለኪያ ጥብጣብ ጠመጠመች። ቢጫ።

"ምን ትበላለች፣ እማማ?"

"እኛ የምንበላውን ነዋ። ገንፎ ትበላለች፣ ድንች ትበላለች፣ ዳቦ በሻይ እሰጣታለሁ።"

"ታማ ነበር? ተቅማጥ? ሳል?"

"ኧረ ምንም።"

"በአመጋገቧስ ሰሞኑን የተለወጠ ነገር አለ?"

እትዬ ቋጠሮ በደንብ አሰበች። መዋሸት አልፈለገችም።

"ምንም የተለወጠ የለም፣ ልጄ። ያው እንደዱሮው ነው።"

ነርሷ ግራ ተጋብታ መዝገቧን ገለበጠች። "ሰሞኑን ከዚህ ሰፈር ብዙ ሕፃን ቢጫ ላይ አገኘሁ" አለች። "ሁሉም ያው እንደዱሮው ነው ይሉኛል።" እንቁላል ካገኙ፣ ባቄላ ካገኙ እንዲሰጧት፣ ቶሎ ቶሎም እንዲመልሷት ነገረቻት። ስትሸኛት፣ "ወደ ቀዩ ከወረደች ግን ከተማ ሆስፒታል መተኛት አለባት" አለች።

እትዬ ቋጠሮ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። ያንን መንገድ ታውቀዋለች። ልጇን የሸኘችው በዚያው ነው።

ከራሷ ድርሻ ቀንሳ ለሚጢጢ ሰጠች፤ ሚጢጢ ግን ድንቹን ሲያጎርሷት እዚያው በጉንጯ ይዛው ትቀራለች። እንቁላል ከጎረቤት ለምና አመጣች፤ አንድ ቀን ተገኘ፣ በማግስቱ ጠፋ። አማቿ የሚያጠምደው ዓሣ ገና ጥቂት ነው፤ የተገኘውንም የበረዶ መኪናው እዚያው ሼዱ ላይ ጠራርጎ ይወስደዋል። ዓሣው እስኪራባ እንደዚያ ነው፤ ሁሉም ያውቃል። አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ልጁን ያያታል።

አንድ ማለዳ በጆንያ የተሸፈነ ነገር ይዞ ዳሷ ሥር ገባ። ጆንያውን ሲያነሳ መረብ ነው፤ በአንድ ጣት የሚለካ፣ መጋዘን መግባት የነበረበት።

"ድንጋይ ይዞት ተቀደደ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ከመረቡ ላይ እርጥብ ሸምበቆ መዘዘች። "ድንጋይ እንዲህ ቅጠል ያወጣል እንዴ?"

ጆንያውን ማጣጠፍ ጀመረ።

"ማኅበሩ ቢያይህስ?"

"ቢያየኝ ያየኛል" አለ። "እሷን ማየት ነው ያቃተኝ።" ይህን ብሎ ወጣ።

ልትጥለው አስባ ነበር። እጇ ግን የለመደውን ሥራ ጀመረ፤ ሸምበቆውን አወጣች፣ ጭቃውን አራገፈች፣ ዓይኑ ውስጥ የተሰኩትን ትንንሽ ዓሦች እየነቀለች ወደ ግራዋ ወረወረች። ዓሦቹ መሬት ላይ ወደቁ፤ ጣሳዋ ቦታዋ ላይ የለችም። ያን ጊዜ ሚጢጢ ከሣጥኗ ውስጥ ሆና ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ የምትፈልገውን ነገር ስም መጥራት ባትችልም "እእ! እእ!" እያለች ወገቧን ካሰራት ሻሽ ጋር ታገለች።

ቀቀለችው። ወቀጠችው። ገንፎው ላይ ነሰነሰችው። ሚጢጢ ሳህኑን በጣቷ ጠራረገችና ባዶውን እያየች አለቀሰች።

እትዬ ቋጠሮ ማንኪያውን እንደያዘች ቁጭ ብላ ቀረች። "የተለወጠ ነገር አለ?" ብላ ነበር ነርሷ። ምንም የለም አለቻት። ፍርፋሪን ማን ምግብ ብሎ ይቆጥራል? ዓይኑ ይስፋ ያለችው እሷ ናት፣ ዓይኑን ያሰፋችውም እጇ ነው፤ በሰፋው ዓይን ሾልኮ የጠፋው ደግሞ የገዛ ልጅ ልጇ ቁርስና እራት ነው። ሕጉ ስሕተት አልነበረም። ዓሣው ማደግ አለበት። ችግሩ፣ ሚጢጢም ማደግ አለባት።

መረቡን ጠገነችው። በማግስቱም ሌላ ቀዳዳ ይዞ መጣ፣ እሱንም ጠገነች። ጣሳዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከአማቿ ጋር ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ ጆንያው ይገባል፣ ጆንያው ይወጣል። ሚጢጢ ሣጥኑን ይዛ ዳግም መቆም ጀመረች። እትዬ ቋጠሮ ግን ከጀልበኞቹ ጋር ስትገናኝ ዓይን ዓይናቸውን ማየት ተሳናት።

ብዙም አልቆየ። ካፒቴን ጉያን ሊያይ በጀልባ ሲዞር ሸምበቆ ውስጥ የተተከለ መረብ አገኘ። ባለቤቱን አላገኘም። ጎትቶ አወጣውና ሼዱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ጣለው፤ ሰዉ ሁሉ ተጠራ።

"የማን ነው?" አለ።

ካፒቴን መረቡን በእጁ ሰበሰበ፤ እያወራ ሳለ አውራ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መልሶ ዳበሰው። ወፈር ያለ፣ ጫፉ ወደ ኋላ የተመለሰ ቋጠሮ። አንገቱን ቀና ሳያደርግ መረቡን ለጎረቤቱ አቀበለው። ጎረቤቱ ዳብሶ ለቀጣዩ ሰጠ። መረቡ ዙሩን ሲጨርስ የሁሉም ዓይን የሼዱ በር ላይ ቆማ ሚጢጢን ባዘለችው ሴት ላይ አረፈ።

"ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ" አለ አንዱ።

"አይ እትዬ! ሐይቁን ቋጥራ ለራሷ ፈታችው!" አለ ሌላው። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

"እትዬ ቋጠሮ" አለ ካፒቴን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መረቡ የማን ነው?"

"መረቡ የማንም ይሁን" አለች፤ "ቋጠሮው የኔ ነው።"

"የኔ ነው" አለ አማቿ ከኋላ። ሰው እየገፋ ወደ ፊት መጣ። "መረቡም የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። እሷን አትንኳት።"

ካፒቴን ልጅየውን ከጨቅላነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሚስቱ የተቀበረች ቀን አጠገቡ የቆመው እሱ ነበር። "ሕግ ሕግ ነው" አለ። "አንድ ወር መቅዘፊያህን ታስቀምጣለህ። አንቺ ደግሞ… አንቺ እንኳ አባል አይደለሽም። እንተውሽ።"

"ለምን ትተዉኛላችሁ?" አለች። "ሕጉን ስናወጣ አፌ አባል ነበር፣ አሁን እጄ ሲያጠፋ አባል አይደለም?" ከከረጢቷ የመረብ መርፌዋን አወጣች። ከእንጨት የተጠረበ ነው፤ የእጇ ላብ አጥቁሮታል። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "በሰፈሩት ቁና መሰፈር ነው። ውሰዱት።"

ከጀልበኞቹ አንዱ፣ "ኧረ የኔ መረብ ለሁለት ተቀዷል!" ብሎ ሊጮህ ሲል የጎረቤቱ ክርን ዝም አሰኘው።

"ይቅር በሉኝ አልልም፤ ጉያም ይከፈት አልልም" ብላ ቀጠለች። "ግን አንድ ነገር ረስተናል። እናንተ ረስታችኋል፣ እኔም ረስቻለሁ። ድሮ መረባችሁን ስታመጡልኝ ዓይኑ ውስጥ ፍርፋሪ ነበረበት። ይቺ ልጅ ያደገችው በዚያ ነው። አላወቅኩም። ነርሷ ምን ተለወጠ ብትለኝ ምንም አልኳት። ዓይኑ ሲሰፋ ትንሹ ዓሣ ተረፈ፣ ትንሿ ልጅ ግን ተጎዳች። እናንተስ ቤት መረብ የሚያራግፈው ማነው? ፍርፋሪውን የሚለቅመው ማነው?"

ጥግ ላይ ዓሣ ከሚያርዱት ሴቶች አንዷ ቢላዋን አስቀመጠች። ምላሷ የተሳለ ናት፤ ባሏ እዚያው ካሉት ጀልበኞች አንዱ ነው። "እኔ ነኛ የምለቅመው!" አለች። "ይሄ ባሌ መረቡን ጥሎ ይተኛል፣ እኔ አራግፌ ለልጆቼ እጠብስ ነበር። አሁን ምን ላራግፍ? ጉያ ውስጥ ዓሣ ሞልቷል ይሉናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የኔም ትንሹ ቢጫ ነው።"

"ቢጫ? ለኔ መቼ ነገርሽኝ?" አለ ባልየው።

"መቼ ነቅተህ!"

አሁን ሳቅ ሆነ፤ ከሳቁ ጋር ሌሎቹም ሴቶች አፋቸውን ፈቱ። የእገሊት ልጅ፣ የእከሊት መንታ። ጭቅጭቁ ሰማይ ነካ። "ጉያን እንክፈተዋ!" ያለ ነበር። "ከፍተነው ከርሞ ምን ልንቀቅል ነው?" ብለው መለሱለት። መፍትሔው ከማን አፍ እንደወጣ በኋላ ብዙ ሰው ለራሱ ወስዶታል፤ ካፒቴንም ሐሳቡ የኔ ነበር ይላል። እውነቱ ግን ሁሉም በየቁራጩ ያዋጣው ነው። አንዱ፣ ከመሐሉ ጥልቅ ውሃ ላይ አድጋም ከጣት የማትበልጥ ብርማ ዓሣ በገፍ እንደምትሄድ አስታወሰ፤ የበረዶ መኪናው አይፈልጋትምና ማንም አያጠምዳትም። ያቺን የሚይዝ አንድ ጠባብ መረብ፣ አንድ ብቻ፣ የማኅበሩ የሆነ ይኑር ተባለ። ከጉያ አጠገብ አይደርስም። ጀልበኞቹ በየተራ ይጥሉታል። የሚይዘው አይሸጥም፤ ሕፃን ላለበት ቤት ይከፋፈላል።

"መረቡን ማን ይሠራዋል?" አለ ካፒቴን፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መርፌ አየ። ሰዉም አየው።

"መርፌዬ ተይዟል" አለች እትዬ ቋጠሮ። "እጄን የያዘው የለም።"

መርፌው መጋዘን ገባ፤ ካፒቴን በገዛ እጁ ቆለፈበት። እሷም በባዶ ጣቷ መቋጠር ጀመረች። ከባድ ነው፤ ክሩ ጣት ይቆርጣል፣ ሥራው እንደ ኤሊ ይጓዛል። መቅዘፊያው የተያዘበት አማቿ ሥራ ፈትቶ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ አይታ አላስቀመጠችውም።

"ና ያዝልኝ ይሄን። ሁለቴ አዙር። ወደ ኋላ መልሰው። አይ፣ እንዲያ አይደለም፤ ፍታው።"

"አይፈታም'ኮ፣ እማማ።"

"እንግዲያው ይዞልሃል ማለት ነው። ቀጥል።"

ጀልበኞች የተቀደደ መረባቸውን ተሸክመው እየመጡ ዳሷ ሥር ቆመው ይለማመጧት ነበር። "አንዲት ቀዳዳ ብቻ፣ እትዬ፣ ማንም አያይም!" ሲሏት፣ "እኔ እስረኛ ነኝ፤ ከእስረኛ ጋር አታውሩ፣ ያስጠረጥራል" ትላቸዋለች። እየሳቁ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ግን ይቀመጥና ክር ይይዝላታል። እንዲያ እንዲያ ሲል መረቡ አለቀ፤ ግማሹ ቋጠሮ የእሷ፣ ግማሹ ደግሞ የእሷን የሚመስል፣ ትንሽ ጠመም ያለ የአማቿ።

መረቡ መጀመሪያ በተጣለ ማለዳ ሴቶች ሳህን ይዘው ሼዱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ጀልባው ሲጠጋ የመረቡ ሆድ በሙሉ ያብለጨልጭ ነበር። ያቺ ቢላዋ ይዛ የተናገረችው ሴት አካፋይ ሆነች፤ ከእሷ ሽሚያ የሚደፍር የለም። ነርሷም መጣች። ነገሩን ስትሰማ ግንባሯን በመዳፏ መታ አድርጋ፣ "ምን በላችሁ እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ፤ ምን ቀረባችሁ ብዬ ግን አልጠየቅኩም" አለችና ከሴቶቹ ጋር ቆማ አቀቃቀሉን፣ አወቃቀጡን ጠየቀች። ለሌሎቹ መንደሮችም እነግራለሁ ብላ ሄደች።

በወሩ መጨረሻ መርፌውና መቅዘፊያው ተመለሱ። ካፒቴን መርፌውን ሲሰጣት በጨርቅ ጠቅልሎት ነበር። "ዘይት ቀብቼዋለሁ" አለ፣ እንደማፈር ብሎ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ የመጠበቅ ነበር። ነርሷ ሚጢጢን በለካቻት ቁጥር እትዬ ቋጠሮ መለኪያውን ሳይሆን የነርሷን ፊት ታያለች። ቢጫ። አሁንም ቢጫ፣ ግን ከፍ ያለው ቢጫ። ቤት ስትመለስ አማቿ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ በዓይኑ ይጠይቃል። "ገና ነው፣ ግን አልወረደችም" ትለዋለች፤ ልጁን ይቀበላትና፣ አሁን አሁን፣ ቶሎ አይመልሳትም።

አረንጓዴ የሆነችበት ቀን ዝናብ ይጥል ነበር። ነርሷ መለኪያውን ጠመጠመች፣ ፈትታ እንደገና ጠመጠመች፤ ከዚያ የሚጢጢን ክንድ ወደ አያቲቱ አዞረችላት። "ራስዎ ይዩት እንጂ፣ እማማ።" አየችው። እናመሰግናለን ማለት እንዳለባት ታውቃለች፤ ያለችው ግን "በይ ልሂድ፣ ዝናቡ ሳይበረታ" ነው። መንገድ ላይ ዝናቡ በረታ። ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ሥር ተጠልላ ሕፃኗን በሻሹ ሸፈነቻት፤ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ሰው ቢያያት ዝናብ መታት ነው የሚለው።

የዝናቡ ወራት ሲያልፍ ጉያ ተከፈተ፤ ከሸምበቆው ውጭ ያለው ብቻ፣ በሦስት ጣት መረብ ብቻ። ሸምበቆው ውስጥ ያለው ተዘግቶ እንዲኖር ተስማሙ፤ በዚህ ላይ ያን ያህል ክርክር አልነበረም፣ ትልልቁ ዓሣ ብቅ ብሎ ነበርና። የልጆቹ መረብም ሥራውን አላቆመም። ቀልደኞቹ "የሚጢጢ መርከብ" ብለውታል።

በዚያ ሰሞን አንድ ማታ እትዬ ቋጠሮ ሕፃኗን አጥባ አስተኛቻት። ሻሹ ከእንግዲህ አያስፈልግም፤ ሚጢጢ ከሣጥኗ ወጥታ የምትፈልግበት ትሄዳለች። ሻሹን አጣጥፋ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ እንደ ልማዷ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ የሕፃኗን ክንድ ከበበች።

ጣቶቿ አልተገናኙም። ጠበቅ አድርጋ ሞከረች። አልተገናኙም።

"እማማ፣ ደህና ናት?" አለ አማቿ ከወዲያኛው ክፍል፣ እንደወትሮው ነቅቶ።

"ደህና ናት" አለችው። "ተኛ አንተም።"

ብዙ ሳይቆይ ሲያንኮራፋ ሰማችው።